ከአርባው በፊት የሰረዝኩት

ሐምሌ 30 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ጋሽ ወሰኔን ዛሬ ቀበርናቸው። ትናንት ጠዋት ወደ ቢሮ ሊመጡ ጫማቸውን ሲያስሩ ነው «ደረቴን» ብለው የቀሩት። ዝናቡ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አልተለየንም። ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ሁለት ሰዎች በጣሳ ቀድተው እስኪጨርሱ ቆመን ጠበቅን። ከተማችን መሐል ሜዳ በሐምሌ ሰው ለመቅበር አትመችም።

ከቀብር መልስ አለቃችን አቶ በዕውቀቱ ሠራተኛውን ድንኳኑ ጥግ ሰብስበው፣ «የወሰኔ ጠረጴዛ አርባው ሳይወጣ እንዳይነካ» አሉ። «ቁልፉም የሥራ ደብተሩም ቤቱ ነው ያለው። ባለቤቱ በአርባው ቀን ታስረክበናለች።» ማንም አልተከራከረም። በእኛ አገር የሟች ሣጥን ከአርባ በፊት አይከፈትም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም።

አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። የገበሬውን የመሬት ይዞታ መዝገብ ገጽ በገጽ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ፤ ኮምፒውተሩንና አካውንቱን የምጠብቀው እኔ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ፣ ሰው ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብሎ ሳያነብላቸው፣ እሳቸውም በስክሪኑ ላይ በጣታቸው ሳይከተሉ አንድ ገጽ አያሳልፉም። «መጽሐፍ ሲገለበጥ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያርማል» ይሉ ነበር። አንባቢዋ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። እንቅልፌ ይመጣ ነበር።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

በጥድፊያ። አዲሷ ሠራተኛ የምሥራች ሥራ ጀመረች፤ አካውንት የላትም። ደብረ ብርሃን ያለው ዋናው ቢሮ ለቅርንጫፋችን የሰጠን የአሥራ ሁለት ሰው ቦታ ነው፤ ሞልቷል። የዋናው ቢሮ የኮምፒውተር ኃላፊ አትናቴዎስ ጋ ደወልኩ። «የአስተዳዳሪነት ውክልናውን የሰጠንሽ ለዚህ አይደል? የማይጠቀምበትን ሰው አንሺና ስጪያት» አለኝ። የማይጠቀምበት አንድ ሰው ብቻ ነው።

የጋሽ ወሰኔን አካውንት ሰረዝኩት። አሥር ሰዓት ላይ። የተሰረዘ አካውንት ስልሳ ቀን ተጠብቆ ይቆያል፤ አርባው ሲወጣ እናስመልሰዋለን። ሃያ ቀን ትርፍ አለኝ።

ጠረጴዛቸውን አልነካሁም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ኢሜይላችንና ፋይላችን ከሚቀመጥበት መሣሪያ አምራቾች «ማሻሻያዎችና ለአስተዳዳሪዎች የሚሆኑ ምክሮች» የሚል ኢሜይል መጣ። አሥራ አራት ገጽ። ኔትወርኩ እስከ ገጽ ሦስት አውርዶ ቆመ። ፍልሰታ ነው፣ ራሴን ይዞኛል። ሰኞ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ዛሬ አንዲት ሴት መጡ፣ እማማ ጌታነሽ የሚባሉ። ከቆላው አፋፍ ሦስት ሰዓት በእግራቸው ነው የመጡት፤ የለበሱት የሱፍ ባና ከነዝናቡ ይከብዳል። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗል። የባላቸው ወንድም ይሥሐቅ የመሬት ደብተራቸውን «ላየው» ብሎ ወስዶ «የምን ደብተር?» አለ፤ ሰኔ ላይ ማሳቸውን አርሶ ገብስ ዘራበት። ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍቱ ሲመለስ ለጥቅምት 6 ቀጥሯቸዋል፤ ማስረጃ አምጡ ተብለዋል። የቀበሌው መዝገብ ደግሞ በሰኔው ዝናብ መጋዘኑ ሲያፈስ ረጥቦ እንደ ሊጥ ተጣብቋል።

«ወሰኔ ግን ሳይረጥብ በፊት ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶታል» አሉኝ። «ራሱ ነው የነገረኝ። "ገጽሽ እኔ ጋ አለች፣ አትስጊ" አለኝ።»

አዎ፣ አለች። በጋሽ ወሰኔ አካውንት ውስጥ። ወደ ቢሮው የጋራ ማኅደር አዛውርልዎታለሁ ብዬ ለጋሽ ወሰኔ ግንቦት ላይ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ሰኔም ብዬ ነበር።

«አሁን ላውጣልዎት?» አልኳቸው። አፌ ነው ያለው። እጃቸውን አወዛወዙ፤ «ኧረ ተይ ልጄ! አርባው ይውጣ። ለእኔ መሬት ብዬ የሟች እጅ አላስከፍትም። ጥቅምት ሩቅ ነው።» አንድ ቁና የሚያህል ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ።

መስከረም 3 ነው አርባው። መስከረም 4 አወጣላቸዋለሁ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ማስታወቂያውን ዛሬ አነበብኩት። ምነው ባላነበብኩት።

ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ስለ አዲሱ የቀለም ምርጫና ስለ ስብሰባ ጥሪ ከሚያወራው በታች፣ እንዲህ ይላል፦ የተሰረዘ አካውንት ተጠብቆ የሚቆይበት ጊዜ ከስልሳ ቀን ወደ ሠላሳ ቀን ዝቅ ብሏል፤ ሠላሳው ቀን ካለፈ ኢሜይሉም ፋይሉም ተመልሶ አይገኝም። የሚጸናውም ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ ነው። እኔ የሰረዝኩት ነሐሴ 2። ሦስት ጊዜ በጣቴ ቆጠርኩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለው የአጥቢያው ቀን መቁጠሪያ ቆጠርኩ። ጳጉሜን 2፣ እሑድ፣ አሥር ሰዓት።

አርባው መስከረም 3 ነው። መሣሪያው በስድስት ቀን ይቀድመናል።

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። የምሥራች «ምን ሆንሽ?» አለችኝ፤ «ፆሙ ነው» አልኳት። ፆሙ ከተፈታ አሥር ቀን ሆኖታል። አላረመችኝም፤ ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ።

የምጽናናበት አንድ ነገር አለ። ገና ስድስት ቀን አለኝ። ስድስት ቀን ብዙ ነው።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

የአስተዳዳሪውን ገጽ ከፈትኩ። «የተሰረዙ» የሚለው ውስጥ ስማቸው አለ፦ ወሰኔ፣ ከጎኑ «5 ቀን ቀርቷል»። መመለሻ ቁልፍ ፈለግኩ። የለም። ለእኔ የተሰጠኝ ውክልና ፓስወርድ መቀየር፣ ሰው መጨመርና ሰው መሰረዝ ነው። የሚመልሰው ዋናው ቢሮ ብቻ ነው። ከማጥፋቴ በፊት አንድ ቀን እንኳ ቁልፉን ፈልጌው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አትናቴዎስን መለመን አለብኝ። ለመለመን ደግሞ መናገር አለብኝ። አቶ በዕውቀቱ «አይነካ» ያሉትን በሦስተኛው ቀን ነካሁት ብዬ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ደወልኩለት። አነሳ። «አቤት ጽናት!» አለ፣ ደስ ብሎት። ስለ ማተሚያ ማሽኑ ጠየቅኩት። ማሽኑ ምንም አልሆነም።

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል አሉ። እኔ በመሐል ሜዳ ብርድ አልቦኛል።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ጠዋት የአቶ በዕውቀቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በስልክ ከዋናው ቢሮ ጋር ያወራሉ። «...ሌላው ቅርንጫፍ ያደረገውን ሰምቻለሁ» ሲሉ ሰማሁ። «እኛ ጋ ግን ሰነድ ያጠፋ ሰው አያድርም። የገበሬ ሰነድ ነው፣ ቀልድ አይደለም።» ፋይል ይዤ ቆሜ ነበር። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ዛሬ ሊነግሩት የሚመች ቀን አልነበረም። ነገ ዓርብ ነው፤ በዓርብ ሰው ልቡ ለስላሳ ነው። 2 ቀን ከምናምን ይላል ገጹ። አሁን አሁን ሳልከፍተው ነው የማውቀው።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ለአትናቴዎስ ኢሜይል ጻፍኩ። አምስት መስመር ነበር፤ ከዚያ ስምንት ሆነ፤ ከዚያ «በስህተት» የሚለውን አጠፋሁ፤ ከዚያ መልሼ ጻፍኩት። መብራት ጠፋ። ሲመጣ ረቂቁ እንደነበረ አለ። አልላክሁትም።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። እውነቴን ነው፤ አምስት ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ ዝግ ነው ሲለኝ ትንሽ ቀለል እንዳለኝ እዚህ ላይ ልጻፍ፤ ሌላ ቦታ አልናገረውም።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ አምስት ሰዓት ላይ አገኘሁት። የታመመች እናቱን ጠበል ወስዶ ማታ ነው የገባው። ድምፁ ደክሟል።

«አንድ አካውንት ማስመለስ ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«የማን?»

«የጋሽ ወሰኔን።»

«ውይ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ላፕቶፔ ቢሮ ነው ያለው፤ በዚህ ዝናብ ታክሲም የለ። አስቸኳይ ነው? አስቸኳይ ከሆነ እሄዳለሁ።»

እሄዳለሁ ነው ያለኝ። አስቸኳይ ነው ብዬ ብነግረው «ለምን እስከ ዛሬ?» ሊለኝ ነው። መቼ እንዳወቅኩ ሊጠይቀኝ ነው። ስድስት ቀን ምን ስሠራ እንደነበር ሊጠይቀኝ ነው።

«አይ» አልኩት። «ሰኞም ይደርሳል።»

መሣሪያው በደቂቃው ያጠፋል ማለት ላይሆን ይችላል። ትልልቅ ድርጅቶች ሁልጊዜ ትንሽ ትርፍ ያስቀምጣሉ። አንድ ሌሊት ምን አላት። አሥር ሰዓት ላይ ሰዓቴን አላየሁም፤ አንገቴን ወደ ጓዳው አዙሬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። የጎረቤቱ ሬድዮ ነው አሥር ሰዓት ሆነ ያለው።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ፤ ልጆቹ ደጅ ወጥተው በዝናቡ ይጠመቃሉ።

የለም። «የተሰረዙ» የሚለው ባዶ ነው።

አትናቴዎስ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። «ጽናት፣ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ነው የጠፋው። ትናንት! አምስት ሰዓት ብትነግሪኝ እኮ...» አለ። ከዚያ «ማነው የሰረዘው?» አለኝ። «እያጣራሁ ነው» አልኩት። እኔ። «እያጣራሁ ነው።»

«ሥርዓቱ ማን እንደሰረዘ መዝግቦ ያስቀምጣል። ከበዓሉ በኋላ አየዋለሁ» አለ።

የፈሩት ይደርሳል። ከፍርሃቴ ሁሉ ያልጠበቅኩት ግን ይሄ ነው፦ ከደረሰ በኋላም ፍርሃቱ አልሄደም።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

አቶ በዕውቀቱ ከአትናቴዎስ ሰምተው የምሥራችን አስጠሯት። በሩ ዝግ ነበር፤ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ይሰማል። «የወሰኔ ቦታ የተሰጠው ላንቺ ነው። ስትገቢ አንድ ነገር ነክተሽ ይሆናል፤ ብትናገሪ ይሻልሻል» ይላሉ። «ጌታዬ፣ እኔ የተሰጠኝን ፓስወርድ ነው ያስገባሁት። ጽናትን ይጠይቋት» ትላለች። የሙከራ ጊዜዋ መስከረም መጨረሻ ያበቃል።

ወጥታ ዓይኗን ጠረገችና ወደ እኔ መጣች። «ጽናትዬ፣ እስቲ አንቺ አስረጂልኝ። አንቺ ታውቂያለሽ እኮ» አለችኝ።

«አስረዳለሁ» አልኳት። እውነትም ልነግራቸው ነበር። ግን ካፖርታቸውን ለብሰው ለበዓል ዕረፍት እየወጡ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2018፣ ሐሙስ

አደይ አበባ በየበሩ። እንኳን አደረሰሽ አሉኝ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ። የእማማ ጌታነሽ ቆሎ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አንድ ፍሬ አልቀመስኩም።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

አርባው ዛሬ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን ካደረሱ፣ ሰውም በልቶ ከተነሣ በኋላ፣ የጋሽ ወሰኔ ባለቤት እትዬ ጠጄ ቁልፉንና አንድ ጥቁር ደብተር በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። አቶ በዕውቀቱ ገና እየመጡ ነበርና እጄ ላይ አኖሩት። «ስምሽን ያነሳ ነበር» አሉኝ። «ድምፅሽን ይወድ ነበር፤ ስታነቢ የጥንት የቆሎ ተማሪ ጓደኞቹን ታስታውሺው ነበር።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ደብተሩን ከፈትኩት። የገጾቹ ቅጂ ይኖርበታል ብዬ ልቤ ዘለለ። ቅጂ የለም። ቀን፣ የገጽ ቁጥር፣ የአንባቢና የአራሚ ስም ብቻ ነው፤ በዚያ የቤተ ክህነት በሚመስል ደርባባ ጽሕፈታቸው። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ።

«ግንቦት 21። ከገጽ 101 እስከ 120። አንባቢ ጽናት። አራሚ ወሰኔ። በገጽ 114፣ የጌታነሽ፣ አንባቢዋ ስፋቱን አሳስታ ታረመች።»

ያኔ ሁሉም መጣልኝ። ከምሳ በኋላ ነበር፣ እንቅልፍ ይዞኝ «ዜሮ ነጥብ ሃምሳ ሰባት ሄክታር» ብዬ አነበብኩ። ጋሽ ወሰኔ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ ሳያነሱ፣ «ሰባ አምስት ነው። ዓይንሽን ጥረጊና ከላይ ጀምሪ። ያቺ ሴት ባንቺ እንቅልፍ ማሳዋን ልታጣ ነው» አሉኝ። ተናድጄ ነበር። ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ አራቱንም አዋሳኝ እንደ ተማሪ አነበብኩላቸው።

አስታውሰዋለሁ። አራቱንም።

ያንን ገጽ ያዩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱን በሐምሌ ቀብረነዋል።

መስከረም 5፣ ሰኞ

የምሥራችን «ነይ» ብዬ ይዣት ገባሁ። ብቻዬን ብገባ ግማሹን ነው የምናገረው። ራሴን አውቃታለሁ።

«የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ነሐሴ 2። እሷ አካውንቷን ስትከፍት ተሰርዞ ነበር።»

አቶ በዕውቀቱ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «መቼ ነው እንደሚጠፋ ያወቅሽው?»

«ነሐሴ 26።»

በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁ። «እሑድ ዕለት ለምን አልነገርሽውም? አትናቴዎስ እሄዳለሁ ብሎሽ ነበር አሉ።»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ በመስኮቱ አሻግረው ጉሙን አዩ። «እኔን» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። የምሥራች ሳታየኝ ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች። መብቷ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ አትናቴዎስ ውክልናዬን አነሳው። ገጹን ስከፍተው ቁልፎቹ የሉም፤ የራሴ ስም ብቻ አለ። በእኔ ላይ ምን እንደሚወሰን ኮሚቴው ያያል። እስከዚያ ለሚተካኝ ሰው አንድ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ለጥፌአለሁ። የማሻሻያ ማስታወቂያ በመጣ ቀን እስከ መጨረሻው ገጽ ይነበብ። የሥራ ሰነድ በአንድ ሰው አካውንት ውስጥ አይደር። ሰው ሲሞት አካውንቱ ይታገድ እንጂ አይሰረዝ፤ ማገድ ቦታ አያስለቅቅም ግን ምንም አያጠፋም። ከመሰረዝህ በፊት የመመለሻው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ እወቅ። አምስተኛ ነጥብም ጽፌ ነበር፤ ስለ መፍራት። የአስተዳደር ምክር ስላልሆነ ሰረዝኩት።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ገበያ ነው። እማማ ጌታነሽ ባናቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ሳቅ ብለው ገቡ፤ «አርባው ወጣ አይደል? በይ እንግዲህ ገጼን» አሉ።

አስቀምጬ ነገርኳቸው። ምንም አልቀነስኩም፤ እሑዱንም ነገርኳቸው። ስጨርስ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ አይንቀሳቀስም። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት። ቢያለቅሱ አብሬ አለቅስ ነበር።

«አርባው ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«እርስዎማ አላወቁም፤ እኔ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አይተሽዋል ግን? በዓይንሽ?»

«አንብቤዋለሁ። ጋሽ ወሰኔ ናቸው ያረሙኝ። ደብተራቸው ላይ ተጽፏል።»

«ዳኛው ፊት ወረቀቱስ የት ገባ ይሉሻል። ይሥሐቅ ፊት።»

«ይሉኛል።»

«ምን ልትዪ ነው?»

«እኔ አጠፋሁት።»

«እሱን አስቀድመሽ ተናገሪ» አሉኝ። «ሳይጠይቁሽ። ኋላ ከጠየቁሽማ ሌላውንም አያምኑሽም።» ከዚያ ባናቸውን አስተካክለው ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። «በይ ገጼን በቃልሽ በዪው።»

አልኩት። ሁለተኛ አስደገሙኝ፤ ሰሜንና ምዕራቡን አቀያየርኩና «ከላይ ጀምሪ» አሉኝ፣ ልክ እንደ ሟቹ። ሦስተኛው ላይ አልተሳሳትኩም። እስከ ጥቅምት 6 አራት ገበያ አለ፤ በየገበያው መጥተው ያስደግሙኛል። ሊወጡ ሲሉ መሳቢያዬ ገርበብ ብሎ ኖሮ ቆሎውን አዩት። «ሳትበዪው ነቀዘ እኮ!» ብለው ተቆጡኝ። ከሁሉም በላይ የተቆጡኝ በሱ ነው።

ፈርቻለሁ። የይሥሐቅን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዳኛውን አላውቃቸውም። ሥራዬ ይቆይ አይቆይ አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ። በምሥራቅ የመኳንንት ማሳ። በምዕራብ ወንዙ። በሰሜን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ። በደቡብ ይሥሐቅ። ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት።